የቤት ጣሳ፣ የሱቅ ከረጢት

ቅዳሜ ጠዋት ፋናዬ በጀሪካን ውሃ ቀድታ ከግቢው ቧንቧ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በውስጥ የወንድሟ ሚስት መቅደስ የስድስት ዓመት ልጇን የሩታን ፀጉር እየሠራች፣ ተረት እንደምትነግር ሁሉ በዝግታ፣ «ዳማ የሞተችው አክስትሽ ቁስሏ ላይ እርድ ቀብታት ነው። ድመት እርድ አይስማማትም። ባላገር አይደለች፣ ምን ታውቃለች» ትላታለች። ፋናዬ ጀሪካኑን እንደያዘች ቆመች። ድመቷ መሞቷን የሰማችው ያኔ ነው። ማንም ሳይነግራት ገዳይ ተብላ ነበር።

ዳማ ከከሰሉ ጆንያ ሥር ደርቃ ተገኘች። አፏ ዙሪያ ቢጫ አረፋ ደርቋል፤ አንድ እግሯ አንድ ነገር ልትቧጥጥ እንደፈለገች ተዘርግቶ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ የቅመም ከረጢቶቹን ከአይጥ የጠበቀች ድመት ናት፤ ደመወዟ የወጥ ትራፊና የፋናዬ እግር ሥር ነበር። ሌሊት ሌሊት ከፋናዬ ፍራሽ ላይ ትወጣና ጉልበቷ ላይ ትጠቀለልላት ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ወዳ ተጠግታት የምታውቅ ነፍስ ብትኖር እሷ ብቻ ናት። ፋናዬ ተንበርክካ ዐይኗን ልትከድንላት ብትሞክር አልከደን አለ። ሩታ ከበሩ ላይ ሆና፣ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ፣ ታያታለች። ቁርስ ሲቀርብ ከአክስቷ እጅ ዳቦ አልቀበልም አለች።

ቤቱ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል ሶፋና ቴሌቪዥን፣ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የሰርግ ፎቶ አለው። የኋለኛው መጋዘን ይባላል፤ ፋናዬ የምትተኛው እዚያ፣ በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ ጆንያ መሐል ነው። ከደጀን የመጣችው የዛሬ አራት ዓመት፣ ሩታ ሁለት ዓመቷ እያለ፣ «ለሁለት ወር ልጅ ትይዥልኛለሽ» ተብላ ነው። ሁለት ወሩ አላልቅ ብሎ ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ልጅቷ ስታድግ ሥራው ተቀየረ፤ ወንድሟ ዘመድኩን ቅመም ተራ ላለችው ሱቁ የተፈጨውን እርድ ከወፍጮ ያመጣል፣ እሷ ትነፋለች፣ በትንንሽ ከረጢት ትሞላለች፣ ጫፉን በሻማ እሳት ታሽጋለች። ከረጢቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ታትሞበታል፤ ከቅጠሉ ሥር «ንጹሕ እርድ» ይላል። ደመወዝ የሚባል ነገር አልተነሣም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ፤ ወንድም ቤት ተቀምጦ ደመወዝ የሚጠይቅ ማን አለ?

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር። ለወጥ የሚሆነው እርድ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ቀይ ክዳን ካለው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው የሚወሰደው። መቅደስ ሥሩን ራሷ ገዝታ፣ ራሷ አድርቃ፣ ራሷ ወቅጣ ነው የምትሞላው። «ከሱቁ እንዳይነኩ፣ እትዬ ፋናዬ። የሱቅ የሱቅ ነው» ብላታለች በመጣች በዓመቷ። መቅደስ እርስዎ እያለች ነው የምታዝዘው፤ አክብሮቱ ሥራውን አያቀለውም። ፋናዬ ይህን ሕግ በስስት ተርጉማው ኖራለች። ሦስት መቶ ሃምሳ ብር የሚሸጥ ኪሎ በቤተሰብ እንዳይበላ የፈራች የነጋዴ ሚስት አድርጋ ነው ያየቻት፤ እንዲያውም በልቧ አድንቃታለች።

ሕጉን የጣሰችው አንዴ፣ ባለፈው ሰኞ ነው። እዚያው ግቢ፣ ሦስተኛው በር ላይ ያለችው ሪሐና ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ነች፤ ፋናዬ ከወንድሟ የበዓል ስጦታ ላይ ቆጥባ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዛችላት። ቅቤ በእርድ ካልተነጠረ ለአራስ ገንፎ ምን መልክ አለው? ከቤቱ ጣሳ ልታደርግ ነበር። ኋላ ግን ስጦታ ነውና፣ የሚያምረው በታተመ ከረጢት ያለው መሰላት። አንዷን ከረጢት ቀድዳ ሁለት ማንኪያ ጨመረች። ቅቤው እንደ መስቀል አበባ ደመቀ። የተረፈውን እርድ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አኖረችው። ረቡዕ ዕለት የብረቱ በር የዳማን የኋላ እግር ጨፍልቆ ቆዳዋን ሲገሸልጠው፣ በአገሯ እንደሚደረገው እርዱን በቅቤ ለውሳ ቁስሉ ላይ የቀባችው ከዚያችው ጥቅል ነው። ድመት የቀቧትን መድኃኒት ሳትልስ ትታ አታውቅም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስትልሰው ሰነበተች።

ዘመድኩን ሻዩን እየጠጣ ስልኩን አወጣ። ድመቷ ስለ ሞተች ማዘኑን፣ ግን እርድ ለድመት መርዝ መሆኑን ስልኩ ላይ ማንበቡን ተናገረ። ቀና ብሎ አላያትም። «እታለም፣ ባለማወቅ ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም» አለ። እታለም ነው የሚላት ከልጅነቱ ጀምሮ፤ ስታዝለው ያወጣላት ስም ነው። ፋናዬ ይቅርታ ጠየቀች። አንገቷን ደፍታ፣ ሃምሳ አራት ዓመቷን ይዛ፣ የስድስት ዓመት ልጅን ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ድመቷን በማዳበሪያ ጠቅልላ፣ የእርዱን ጥቅል ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወጣች።

መርካቶ የሞተ ድመት የሚቀበርበት አፈር የለም። ሁሉ ድንጋይ፣ ሁሉ ሱቅ ነው። ከግቢው በር ላይ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ቅርብ ነበር፤ እሷ ግን አለፈችው። አንድ ነገር አልዋጥ ብሏታል። የእናቷ ድመት አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችው የአልጫ ድስት እየላሰች ነው፤ አፏ ሁልጊዜ ቢጫ ነበር፤ ስትሞትም ያረጀ ሰው እንደሚሞተው ተኝታ ነው የሞተችው። ታዲያ የአገር ቤት ድመትና የአዲስ አበባ ድመት ጉበታቸው ይለያያል? ሲኒማ ራስ አካባቢ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ የዶሮ ክትባት የሚገዙ ሰዎች ሲወጡ አይታለች። ማዳበሪያውን ታቅፋ፣ ተሸካሚዎች «ጎንሽን!» እያሉ በፍራሽ ጥቅል እየገፏት፣ እዚያ ደረሰች።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሙሉብርሃን ይባላል፤ ቀጭን፣ ሽበት የጀመረው፣ ነጭ ጋዋኑ በክሎሪን የነጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ለልመና የመጣች መስሎት ነበር። ማዳበሪያውን ስትከፍትለት ግን ወንበር ሰጣት። የድመቷን አፍ በእንጨት ከፍቶ አየ፣ ድዷን አየ፣ ሆዷን ጫን ጫን አደረገ። ፋናዬ ያደረገችውን ሁሉ ነገረችው፤ ኃጢአቷን ለንስሐ አባት እንደምትናገር ሁሉ አንድም አላስቀረችም። በመጨረሻ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ እርድ ድመት ይገድላል ወይ?

«እናቴ፣ ንጹሕ እርድ ድመት አይገድልም» አለ ሙሉብርሃን። «ብዙ ከላሰች ሆዷን ይረብሻት ይሆናል። ለቁስልም እኔ አላዝም። ግን ጥቂት እርድ በሦስት ቀን እንዲህ አድርጎ አይጥልም። ከእርዱ የተረፈ አለ?»

ቋጠሮዋን ፈታች። ሙሉብርሃን ከዱቄቱ በጥፍሩ ቆንጥሮ በብርጭቆ ውሃ ላይ በተነው። ፋናዬ ዕድሜዋን ሙሉ እርድ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይታለች፤ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ ውሃውንም ገርጣ ያለ ቢጫ ያደርገዋል። ይሄኛው ገና ሲነካው እንደ ግድግዳ ቀለም ተለቀቀ። ሰውየው ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ይዞ አየው። ምን እንደሆነ ሳይመረመር እንደማይምል፣ ቀለም ግን እንደገባበት፣ እንዲህ ያለው ቀለም ለጨርቅና ለፕላስቲክ እንጂ ለሆድ እንዳልተሠራ ነገራት። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ እጇን አየ። መዳፏ እስከ አንጓዋ ቢጫ ነው። እርድ በሳሙናና በፀሐይ በሁለት ቀን ይለቃል፤ የእሷ ሳይለቅ ዓመት አልፎታል።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። ሆዷን ይቆርጣት እንደሆነ፣ ራሷን ያማት እንደሆነ፣ አፏ የብረት ጣዕም ይል እንደሆነ ጠየቃት። ሁሉንም አዎ አለች። ጨጓራ ነው ብላ ተልባ ስትጠጣ ነው የከረመችው። ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን እንድትመረመር መከራት። «ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ካለች ደግሞ ይህን እርድ መብላት ዛሬውኑ ያስቁሟት» አለ። የሂሳብ ነገር ሲነሣ በእጁ መለሳት። ፋናዬ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ መንገደኛው በላይዋ ሲሻገር ቆየች።

ዳማን መጨረሻ ላይ ገንዳው ውስጥ ነው የጣለቻት። በካርቶን ሸፈነቻት፤ ካርቶኑን ግን አንድ ሰው ወዲያው መጥቶ ወሰደው።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ሪሐና በር ነው። ሪሐና ልጇን ጡት ላይ አድርጋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ስታያት ፊቷ በራ። ስለ ቅቤው ሌላ ምስጋና ጀመረች፤ ጠሀ፣ ባሏ፣ ገንፎውን እያየ እኔም ልታረስ ማለቱን እየሳቀች ነገረቻት። ፋናዬ ያን ጊዜ ልትናገር ነበር። ግን ወንድሟ ራሱ በወፍጮ ቤት ተታሎ ቢሆንስ? ሳያውቅ ቢሆንስ? የአንድ እናት ልጅ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይፈረድበታል? ቅቤው በደንብ አልበሰለም፣ እንዳይሻግት እሳት ላይ ልመልሰው ብላ ዋሸች። ሪሐና ማሰሮውን ሰጠቻት። ከግማሽ ኪሎው የቀረው ሦስት ማንኪያ ነበር።

ወደ ቤት ገብታ ምሳ ሠራች። መቅደስ ገበያ ነበረች፤ ቤቱ ባዶ ነው። ድንች ልጣ ሩታ የምትወደውን አልጫ ሠራች፤ እርዱንም ቀይ ክዳን ካለው የቤት ጣሳ አድርጋ ጣሳውን ወደ መደርደሪያው መለሰች። ቀጥላ ከመጋዘኑ አንዲት የታሸገች ከረጢት አመጣች፤ ጫፏን ቀደደች፤ ግማሹን ዱቄት ማፍሰሻ ውስጥ ደፋችው። የተቀደደችውን ከረጢት ከድስቱ አጠገብ፣ አረንጓዴ ቅጠሏ ወደ ላይ ሆኖ፣ ማንም ሰው ሳያያት በማያልፍበት ቦታ አስቀመጠቻት። በሆዷ ትጸልይ ነበር፤ ብላ፣ ዘመድኩን፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ዝም ብለህ ብላ እያለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ገቡ። እጃቸውን ታጠቡ። ፋናዬ አልጫውን እንጀራው መሐል ገለበጠችው። ዘመድኩን ስለ ዱባይ ተራ መንገድ መዘጋት እያወራ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ፤ ዐይኑ ከረጢቷ ላይ ሲያርፍ እጁ አየር ላይ ቀረ። ወሬውም እንዲሁ ቀረ። መቅደስ እሱን አየች፣ የሚያየውን አየች። ከጎረቤት ሬዲዮ ኳስ ይተላለፋል። ሩታ ግን ርቧታል፤ እንጀራ ቆርሳ አልጫውን ጠቀለለችና ወደ አፏ ስታስጠጋ አባቷ እጇን በጥፊ መታው። ጉርሻው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቷ የተመታች ናትና ማልቀስ እንኳ ረሳች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። ፋናዬ ድስቱ አጠገብ ቆማ ሁሉንም አየች። ከዚያ ቁጭ አለችና ከዚያው አልጫ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ በላች፣ ደገመች። «ከጣሳችሁ ነው» አለች። «ብሉ። ልጅ በወንድሜ ቅመም የምገድል ሰው አይደለሁም።»

መቅደስ ልጇን አንጠልጥላ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባች። ዘመድኩን ሲናገር ድምፁ የነጋዴ ድምፅ አልነበረም፤ ዱሮ እርሻ ላይ በሬ የጠፋበት ጊዜ የነበረው ድምፅ ነው። እሱ ብቻ አለመሆኑን፣ ንጹሑን ሲያቀርብ ደንበኞች ገርጥቷል እያሉ ጥለውት ጎረቤት ሱቅ ይገዙ እንደነበር፣ ቀለሙ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ እንደሆነ፣ የቀረው ደግሞ የበቆሎ ዱቄት እንደሆነ ነገራት። ሰው አይገድልም አለ። ፋናዬ መዳፎቿን ትሪው ላይ ዘረጋችለት። አላያቸውም።

«እኔስ?» አለች። «እኔን ከየትኛው ቆጠርከኝ፣ ዘመድኩን? ከቤቱ ነው ከሱቁ?»

ፋናዬ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ተናዳ አታውቅም፤ ንዴቱ ግን እንባ ሆኖባት አገጯ ላይ ይወርድ ነበር። በመጨረሻ ዘመድኩን ጓንት እንደሚገዛላት፣ ሐኪም ቤት እንደሚወስዳት፣ የቀረውን ሸጦ ሲጨርስ እንደሚያቆም ቃል ገባ። ሸጦ ሲጨርስ ነው ያለው። ሰኞ ከቀደደችው ከረጢት የሪሐና ቅቤ ውስጥ መግባቱን ስትነግረው ብቻ ፊቱ ተለወጠ፤ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከአንዲት አራስ አንድ ቃል ከወጣ እስከ ማታ ተራው ሁሉ እንደሚሰማ፣ ሱቁ እንደሚታሸግ፣ እሱ እንደሚታሰር፣ ሩታ ከትምህርት ቤት እንደምትወጣ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረላት። ቅቤውን መልሰሽ ወስደሻል፣ በቃ አለቀ አላት። «እታለም፣ ሥጋሽ ነኝ። በዚህ ነገር ከዚህ በር ከወጣሽ ግን አትመለሺ።»

ፋናዬ ስንት ቦታ መሄድ እንደምትችል አሰበች። ደጀን ያለው ቤት ተሸጧል፤ የተሸጠውም ይህ ሱቅ ሲከፈት ነው። ሲኒማ ራስ አካባቢ አልጋ በአዳር መቶ ሃምሳ ብር ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት መቶ አርባ ብር ነበራት። ሒሳቡ ይህን ያህል ነው፤ ሁለት አዳር። ነጠላዋን አስተካክላ በሩን ከፈተች።

ሪሐና እስከ መጨረሻው አቋርጣ አልተናገረችም። ፋናዬ ሁሉን ነገረቻት፤ ከረጢቱን፣ ድመቷን፣ ብርጭቆውን። ሪሐና ልጇን ቀስ ብላ ከጡቷ አላቀቀችና በሻሿ ሸፈነቻት፤ ከፋናዬ ዐይን የምትደብቃት ይመስል ነበር። ለጠሀ ስልክ ደወለች፤ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት ነገረችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እነሱ ያውቁ ነበር ወይ አለች። ፋናዬ ይሄን ጥያቄ ስትፈራ ነው የመጣችው። እንደ እሷ የእናቷን ጡት የጠባውን ሰው በአፏ አሳልፋ መስጠት ነበረባት።

«ያውቁ ነበር» አለች። «የሚበሉት ሌላ ነው።»

ሪሐና ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ፣ አላህ ይመስገን ነግረውኛል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ደርቋል። «አሁን ይውጡልኝ። እጅዎን ሳየው ያስታውከኛል።»

እጇ አመድ አፋሽ ነው፤ ይህን ድሮም ታውቀዋለች። ግቢው ቧንቧ ጋ ሄዳ በአሸዋ ፈተገችው፤ ቆዳዋ ቀላ እንጂ ቢጫው አልለቀቀም። ጠሀ እየሮጠ ገባ፣ ሚስቱን ደግፎ ሕፃኗን ታቅፎ ወጣ፤ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላም አላላትም። ሁለት ሴቶች ከበራቸው ብቅ ብለው ተያዩ። ወሬው እግር አውጥቷል። ከእነሱ አንደኛዋ ገና ትናንት ሩብ ኪሎ እርድ ከዘመድኩን ሱቅ ማስመጣቷን ፋናዬ አስታወሰች፤ ሄዳ ነገረቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ መዳፏን ስታይ ተወችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ወንድሟ በር ተመለሰች። የቆርቆሮ ሳጥኗ ደጅ ላይ ወጥቷል፤ ፍራሿም በገመድ ታስሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በጥንቃቄ ነው የታሰረው፤ የወንድሟን አስተሳሰር ታውቀዋለች፣ ያስተማረችው እሷ ናት። ሳጥኑ ላይ ሩታ ተቀምጣለች። እጇ አባቷ የመታበት ላይ አሁንም ቀልቷል። ፋናዬ ስትጠጋ አልሸሸችም፤ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። ፋናዬ አጠገቧ ተቀመጠች። ከመጋዘኑ ከረጢት የሚደረደር ድምፅ ይሰማል፤ ዘመድኩን ዕቃውን ሊያሸሽ እየጫነ ነው። መኪና መንገድ ላይ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል።

«አክስቴ» አለች ሩታ ቆይታ፣ «እርድ ለድመት መርዝ ነው?»

«አይደለም።»

«ለሰውስ?»

ፋናዬ የልጅቷን ያልተሠራ ግማሽ ፀጉር በጣቷ ልትነካው ዘረጋችና እጇን አይታ መለሰችው። «ከእናትሽ ጣሳ የሆነው አይደለም» አለቻት።

ሩታ ይህን ጥቂት አሰበችበት። ከኋላቸው አባቷ በሁለት ብብቱ ካርቶን ይዞ ወጣ፤ ካርቶኖቹ ላይ አረንጓዴው ቅጠል አለ። ሳያያቸው አልፎ ወደ መኪናው ሄደ፤ ተመልሶ መጥቶ ሌላ ሁለት ወሰደ። ልጅቷ እየቆጠረች ትመስል ነበር።

«ያንን የሚገዙት ሰዎችስ» አለች፣ «ቤታቸው ጣሳ አላቸው?»

ፋናዬ ፍራሿን ተሸከመች። ከውስጥ መቅደስ መክሰስ እንድትበላ ልጇን ትጣራ ነበር።